እርሾ ያልነካው ሊጥ

ቆቦ ውስጥ ሠርግ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ጭልፋውን ማን ይይዛል የሚለው ነው። መልሱ እኔ ነኝ። ራቢዓ እባላለሁ። ጉራ እንዳይመስልብኝ ዝቅ አድርጌ ባወራው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጉራም ከሆነ ይሁን። ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው መንገድ ደግሶ እኔን ያልጠራ ሰው ካለ ወይ ከእኔ ጋር ተኳርፏል፣ ወይ እንግዶቹን አይወድም። ቤታችንን እንኳ ሰው የሚጠራው «የራቢዓ ቤት» እያለ ነው። ግቢውን የገዛው፣ ግንቡን ያስገነባው ባሌ መንሱር ሆኖ ሳለ፣ አንድ ቀን «የመንሱር ቤት» ሲባል ሳልሰማ ልሞት ነው እያለ ያማርራል።

በእኛ አገር ሠርግ ሁለት ወጥ ቤት ይቆማል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ ያሳርዳል፤ ድስቱንም ጭልፋውንም ለሙስሊም ባለሙያ ያስረክባል። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆንም እንዲሁ ነው። ሰዉ በአንድ ዳስ አብሮ ሲጨፍር ይቆይና ማዕድ ሲቀርብ ወደየሥጋው ይለያያል። ተጣልቶ አይደለም፤ ወጉ ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ መብራት ልጇን ሶሊያናን ልትድር ስትነሳ የሙስሊሙን ወጥ ቤት ለእኔ መስጠቷ ማንንም አልገረመም። መብራት ወላጆቿ ከደቡብ ትግራይ መጥተው እዚሁ ቆቦ ጨርቅ ሲነግዱ የወለዷት ናት። እሷም ጨርቅ ነጋዴ ናት። ግንባችን አንድ ነው፤ ልጆቻችንም በአንድ ግቢ ያደጉ ያህል ናቸው።

የገረመኝ ቀጥላ የተናገረችው ነው።

«ራቢዓዬ፣ የሙሽራው ወገኖች የሚመጡት ከአዲስ አበባ ነው» አለችኝ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ላዛኛ ቢኖር ደስ ይለናል ብለዋል። ከደሴ አንድ ሠሪ ላስመጣ አስቤያለሁ።»

ከደሴ! እኔ ጭልፋ በያዝኩበት ግቢ፣ በሚኒባስ ተጭኖ የሚመጣ ባለሙያ!

«ልጄ ሳሊሀ እያለች ምን ሆነሽ ነው ከደሴ?» አልኳት። «ሪያድ እያለች ስትሠራው የኖረችው ላዛኛ አይደለም እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር ላዛኛ ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። ሳሊሀ አንድ ቀን ለአባቷ በስልክ «ዛሬ እንግዳ ስላለ ላዛኛ ስሠራ ዋልኩ» ስትለው ሰምቻለሁ። በቃ፣ ይቺን ይዤ ነው ሠርግ በሚያህል ነገር ቃል የገባሁት።

ሳሊሀ በልጅነቷ ሄዳ ትልቅ ሴት ሆና ነው የተመለሰችው። ከመጣች ወዲህ ግቢ ትጠርጋለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ የሪያድን ነገር ለጠየቃት ሁሉ «ደህና ነበር» ትላለች። ሻንጣዋን ግን አልፈታችም። የምትለብሰውን ከውስጡ ታወጣለች፤ አጥባና አጣጥፋ መልሳ እዚያው ትከታለች። ዚፑ ሲዘጋ እሰማለሁ። ተመልሳ ልትሄድ እንደምታስብ ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ፤ እንዳትሄድብኝ የምላትን ግን አላውቅም ነበር።

ለመብራት የገባሁትን ቃል ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

«እማ፣ እኔን ሳትጠይቂ?»

«አፌ ቀደመኝ፤ ምን ላድርግ!»

ተቆጥታ ወደ ክፍሏ የምትገባ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «ለስንት ሰው ነው? ፉርኖውን ማን ይሰጠናል? ፎርማጆስ የት ይገኛል?» አለች። አገሯ ከገባች ጀምሮ አከታትላ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ድስት አነሳሁና ንጹሑን ድስት እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

የተጋጨነው በሥጋው ነው።

«ሥጋ አላደርግበትም» አለች። «በደበርጃንና በምስር ነው የምሠራው።»

«በራያ ምድር፣ በሠርግ ቀን፣ ሥጋ የሌለው ምግብ! ሰዉ ምን ይለናል?»

«እማ፣ ላዛኛ ድርብርብ ነው። ውስጡ ያለው ሥጋ የማን እርድ እንደሆነ ከላይ አይታይም። ትሪዎቹ ቢደባለቁ ምን ይዋጠን? ሥጋ ከሌለው ግን ለሁለቱም ወገን አንድ ማዕድ ይሆናል። ሶሊያና በሠርጓ ቀን ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ብትበላ ምን አለበት?»

ሰፌዴን አውርጄ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። ስሸነፍ ጩኸቴ ነው የሚመጣው፤ የዚያን ቀን ግን የምጮህበትም ነገር አላገኘሁ።

የመጀመሪያውን ሙከራ በእኛ ጓዳ አደረግን። ሳሊሀ ፉርኖ ዱቄቱን ነፋች፣ እንቁላል ሰበረችበት፣ ጨው ጣል አድርጋ አሸችው። እጇን ቆሜ አየሁት። አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ሊጡን በላስቲክ ጠቀለለችና «ይረፍ። እንዳትነኪው» ብላኝ ደበርጃን ልትገዛ ገበያ ወጣች።

እንዳትነኪው። እኔን!

እስቲ ፍረዱኝ። ሳምቡሳ ያለ እርሾ እንደሚሠራ አላጣሁትም፤ በየረመዷኑ የሰፈሩን አፍጥር የማደርሰው እኔ ነኝ። ሳምቡሳ ግን የሚገባው ዘይት ውስጥ ነው። ይሄ ላዛኛ የሚሉት ከላይም ከታችም እሳት ይነድበታል ብላኛለች። ከላይም ከታችም እሳት የሚነድበት ነገር ደግሞ በእኛ ቤት ድፎ ዳቦ ነው፤ ድፎ ሳይቦካ እሳት አያይም። እርሾዬ ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ልጄ በሰው አገር ብዙ ቆይታ እርሾ የሚባለው ነገር ጠፍቷት ነው አልኩ። እሷ ፊት ባርማት ታፍራለች ብዬ ደግሞ አዘንኩላት። ላስቲኩን ፈትቼ ጥሩ አድርጌ እርሾ ጨመርኩበት፣ ዱቄት ነስነስ አድርጌ አሸሁት፣ እንደነበረ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

በቆቦ ሙቀት እርሾ ማን ይችለዋል! ብዙም ሳይቆይ ሊጡ ላስቲኩን ሊበጥስ ደረሰ። የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁና ሮጬ በቡጢ ደፈጠጥኩት።

ሳሊሀ በጠርሙስ ስትዳምጠው ይለጠጣል፣ ስትለቀው ይሰበሰባል። «ይሄ ዱቄት ምን ሆኗል?» አለች። «የዘንድሮ ዱቄት መቼ ደህና ነው» አልኩ ምስሩን እያማሰልኩ። እንደምንም ዳምጣ አንድ ረድፍ ሊጥ ዘረጋች፤ በላዩ ምስርና ደበርጃን፣ በዚያ ላይ ከወተት የተሠራ ነጭ መረቅ፣ ከዚያ እንደገና ሊጥ፣ እንዲህ እያለች ድስቱን ሞላችው። ፍም ላይ ጣደችው፣ ክዳኑ ላይም ፍም ደረደረች።

መጀመሪያ ያየው መንሱር ነው። «ይሄ ነገር ይተነፍሳል እንዴ?» አለ። ክዳኑ ከነፍሙ ቀስ ብሎ ብድግ አለ፤ ወደ አንድ ጎን ዘመመና ፍሙ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከሥሩ ትልቅ ቡናማ ጉብታ ብቅ አለ። ላዛኛችን ድፎ ዳቦ ሆኖ፣ በየስንጥቁ ደበርጃን እያንጠባጠበ ቆመ።

መንሱር ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል የሳሊሀን ፊት አየሁ።

«ምን ጨመርሽበት?» አለች።

«ትንሽ እርሾ» አልኩ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሪያድ ተቀጥሬ በኖርኩበት ቤት እንግዳ ሲመጣ ላዛኛ የምሠራው እኔ ነበርኩ» አለች። «ማዕዱ ሲቀርብ መጋረጃ ጀርባ እቆማለሁ፤ ቢጠሩኝ እንድሰማ። እንግዶቹ ይሄን ማን ሠራው ብለው ይጠይቃሉ። እመቤቲቱ በእጄ ነው የሠራሁት ትላቸዋለች። ሁልጊዜ። እጅሽ ይባረክ ሲሏት መጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። እዚያ የእነሱ ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ደግሞ የራቢዓ ልጅ ነኝ፤ ሊጤን ትቼ ዞር ስል የሚታረምብኝ። የእኔ የሚባል ነገር የት ነው ያለው፣ እማ? ከሶሊያና ሠርግ በኋላ እመለሳለሁ። እዚያ ቢያንስ የባዕድ ቤት ነው፤ ይሄን ያህል አያመኝም።»

ወለሉ ላይ የተንከባለለውን ፍም በጉጠት ለቀምኩ። በሴትዮዋ ተናደድኩ፤ በሪያድ ከተማ፣ በመጋረጃው ሳይቀር ተናደድኩ። ከዚያ ጥፍሬ ሥር የደረቀውን ሊጥ አየሁና ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿን በርጩማ ይዤ ጓዳ ገባሁ፤ ከጠረጴዛው አጠገብ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አስተምሪኝ» አልኳት። «እርሾው ወላሂ እዚህ ቤት የለም። መብራት ዘንድ ሰድጄዋለሁ።»

አላመነችኝም። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከውኃው ጀሪካን ኋላ፣ ከዱቄቱ ማዳበሪያ ሥር ጣሳውን ፈለገች። ስታጣው ነው ፊቷ የተፈታው።

ልጄ ክፉ አስተማሪ ናት። ንጥር ቅቤ ላወጣ ስል «ለጋውን፤ ኮረሪማ የሸተተኝ እንደሆነ እደፋዋለሁ» ትለኛለች። ነጩ መረቅ ጓጎለብኝ። «ወተቱን ባንዴ አትልቀቂው፣ እማ። መጀመሪያ ቅቤውና ዱቄቱ ይዋደዱ፤ ከዚያ ወተቱን በትንሽ በትንሹ» አለችኝ። ስንት በርሜል ወጥ ያማሰልኩ ሴት በአንድ ድስት ወተት ልሸነፍ! ደገምኩት፤ እንደገና ጓጎለ። እልህ ያዘኝ። መንሱር የጓጎለውን እየጠጣ «ይሄም እኮ ጥሩ ነው» ሲለኝ ከጓዳ አባረርኩት። ቲማቲሙ ከመስኖ ማሳ የመጣ የራሳችን ቲማቲም ነው፤ እሱን በማብሰል እንኳ አላመነችኝም ነበር። «ውኃው እስኪመጥ። ቆይ። ገና ነው» ትላለች። ገና ነው ስትለኝ እጄ ለጭልፋው ይበላኛል፤ እችለዋለሁ።

ሊጡን ስዳምጥ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። ሳሊሀ የዳመጥኩትን በመዳፏ ላይ ዘርግታ ወደ መስኮቱ ታነሳዋለች። የጣቶቿ ጥላ በሊጡ ውስጥ ካልታየ «እንደገና» ትላለች። ትከሻዬ እስኪቆረጥ ዳመጥኩ። ጣቶቿ የታዩ ዕለት ሊጡን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና «ይሁን» አለች። አንድ ቃል ናት። በዚህ ዕድሜዬ የሰማሁት ሙገሳ አይቆጠርም፤ እንደዚያች «ይሁን» ያኮራኝ ግን የለም። ግንቡ ላይ ተንጠላጥዬ ለመብራት ጮኼ ነገርኳት። መብራትም «እርሾሽ ግን ጣሳውን ሞልቶ እየፈሰሰብኝ ነው፤ ምን ላድርገው?» ብላ ጮኸችብኝ።

ጥር ገባ፤ ሠርጉም ደረሰ። ዳቦ ጋጋሪው አርአያ የጠዋት ዳቦውን አውጥቶ ፉርኖውን ለቀቀልን። ከደሴ የመጣው ፎርማጆው ብቻ ነው። ትሪዎቹን እኔ ተሸክሜ፣ ሳሊሀ ከኋላዬ «ቀጥ አድርጊው፣ እማ! ወደ ግራ አዘነበልሽ!» እያለችኝ አስፋልቱን ተሻገርን። ባለባጃጁ ቆመልን፣ ሰዉም ቆሞ አየን። ራቢዓ ስትታዘዝ አይተው አያውቁማ። ይዩ አልኩ።

ማዕድ ሲቀርብ ክርስቲያኑ በቀኝ፣ ሙስሊሙ በግራ ተቀመጠ። ላዛኛው መሃል ላይ ለብቻው ጠረጴዛ ተሰጠው። መብራት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይሄ ሥጋ የለበትም፤ ለሁላችሁም ነው» ስትል ሰዉ ተያየ። የራያ ሽማግሌ ሥጋ የለበትም ለተባለ ምግብ ከመቀመጫው አይነሳም። ሳይነካ ቢተርፍብንስ፣ ሳሊሀ ይሄን አይታ ሻንጣዋን ብታነሳስ አልኩ።

የተነሳችው ሙሽራዋ ናት። ሶሊያና ቬሏን ሰብስባ መጣችና ሳህን ሞልታ ወሰደች። ሙሽራ ተነስታ ማን ይቀመጣል! ከክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋሽ ታረቀኝ ተከተላት። ቀመሰ፤ ሳህኑን ይዞ እዚያው እንደቆመ ጨረሰና ደገመ። ከእኛ በኩል የመስጊዳችን አዛውንቶች ቢስሚላህ ብለው ቀረቡ። ትንሽ ቆይቶ ቀኝና ግራ የሚባል ጠፋ፤ ሰዉ በአንድ ትሪ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋ ጀመር። ሠርግ ስሠራ ስኖር ማዕድ በቀረበበት ሰዓት እንደዚያ ተደባልቆ የቆመ ሰው አላየሁም።

«ራቢዓ! እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!» አለ ጋሽ ታረቀኝ አፉ ሞልቶ።

«የራቢዓ እጅ እኮ ነው!» ብሎ ዳሱ ተቀበለው። እልልታው ቀለጠ። ከአዲስ አበባ የመጡት የሙሽራው እናት «ራቢዓ የትኛዋ ናት?» ሲሉ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ።

ወጥ ቤቱን ከዳሱ የሚለየው ሸራ ነበር። ሸራው መሬት አይደርስም። በሥሩ የሳሊሀን ጫማ አየሁ። ወደ እኛ ዞራ ቆማለች፤ አትንቀሳቀስም። ቢጠሩኝ እንድሰማ ያለችኝ ትዝ አለኝ።

መብራት በዚያው ቅጽበት አዲስ ሻሽ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ድግሷ ባማረ ቁጥር ጭልፋ ለያዘችው ሴት በሰው ፊት ሻሽ ታስራለች፤ የእሷ ወግ ነው። «ጎንበስ በይልኝ» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። ሄጄ ሸራውን ገለጥኩት። ሳሊሀ ክንዷ ዱቄት እንደሆነ፣ ፊቷ በላብ እንደራሰ ቆማለች። እጇን ይዤ ስጎትታት «እማ፣ ተይ» አለች። አልተውኩም። ዳሱ መሃል አቆምኳት።

«ስሙኝ!» አልኩ። የእኔ ድምፅ ማይክ አያስፈልገውም። «ይሄ የራቢዓ እጅ አይደለም! የሳሊሀ እጅ ነው። ያሰበችውም የሠራችውም እሷ ናት። ከአንድ ትሪ እንድትበሉ ያደረገቻችሁም እሷው ናት። እኔ ዱቄት ነፊዋ ነኝ። አስተምራኝ ነው፤ ያውም በቁጣ!»

ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ እልልታው እንደገና ተነሳ፣ አሁን ግን በስሟ። ሳሊሀ! ሳሊሀ! የሙሽራው እናት መጥተው ዱቄት የነካውን እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። መብራት «ጓለይ» አለቻት በወላጆቿ ቋንቋ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ ሻሹንም አሰረችላት። ልጄ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም ብል መንሱር ያጋልጠኛል። ኮርቼ ነው። ለራሴ ብዙ ጊዜ ኮርቻለሁ፤ በልጅ መኩራት ግን እንደሚያስለቅስ የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ስለመሄዷ አልጠየቅኳትም። ሠርጉ አለፈ፣ መልሱም አለፈ፤ ሻንጣው አልጋዋ ሥር እንዳለ ነው። እኔ ፈርቼ ዝም ማለቴን ያየ መንሱር ታመምሽ እንዴ አለኝ።

አንድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ከዋጃ የመጣች የማላውቃት ሴት፣ ኡሙሃኒ እባላለሁ አለች፣ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«የሳሊሀ ቤት ይሄ ነው?»

«ይሄው!» አለ መንሱር ከውስጥ። «በሚስቴ ታለፍኩ፣ አሁን ደግሞ በልጄ!»

«ነው፤ አልተሳሳትሽም» አልኳት። «እኔ እናቷ ነኝ። ግቢ።»

ኡሙሃኒ ተቀመጠችና ልጇን ከረመዷን በኋላ እንደምትድር ነገረችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ «ተመልሳ ሳዑዲ ልትሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ። እስከዚያ ትኖር ይሆን?» አለችኝ በሹክሹክታ። ጓዳውን አየሁ።

ሳሊሀ የመብራትን ሻሽ እንዳሰረች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አለሁ» አለች። «ለስንት ሰው ነው?»

ብድግ አልኩና ወንፊቱን ፍለጋ ገባሁ። ዱቄት መንፋት የተማሪ ሥራ ነው።